ግቢውን የተሸከመው ኮምፒውተር

ልብስ ሰፊዋ ስፌቷን ትታ ኮምፒውተሯን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ኮምፒውተሩ ያጓራል።

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ድሮ የተሸጠው የአባቷ ቤት ነው። ከልጅነቱ ሽቦ ሲነካካ በማደጉ «ሽቦ» የሚሉት ታናሽ ወንድሟ ከነዛፉ፣ ከነአግዳሚው ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ሠራውና ቤተሰቡ በየቤቱ ሆኖ ይገናኝበታል። ይህ ዓለም አንድ ማዕከል የለውም። የአንዱ ልጅ ኮምፒውተር ሳሎኑን፣ የሌላው ጓዳውን ይሸከማል። ግቢው ለእሷ ደረሳት። ሰው ሲበዛበት ከሸክሙ ከፊሉ ወደ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች እንዲያልፍ ሽቦ «ማካፈያ» የሚል ቁልፍ አበጅቶ ነበር። እሷ ግን አጥፍታዋለች። የአባቷን አግዳሚ ለእነዚያ ዝርክርኮች አሳልፋ ልትሰጥ? ሞታ ነው ቆማ።

ዛሬ እናታቸው ትገባለች። እግሯ ከከዳት ወዲህ ከአልጋ ወርዳ አታውቅም፤ የምታስታምማትም ልብስ ሰፊዋ ናት። ሽቦ የላከውን፣ ወደ ግቢው የሚያስገባውን መነጽር ዓይኗ ላይ አደረገችላት። ልጅ፣ አማች፣ የልጅ ልጅ ሳይቀር እናትን ለመቀበል ግቢው ውስጥ ግጥም አለ።

ያኔ ሁሉም ነገር ቆመ። የታናሽ እህቷ ባል ግማሽ አካሉ ግድግዳ ውስጥ ቀረ። እናት ግቢው ውስጥ ያነሳችው እግር መሬት ሳይነካ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

«እዚህም እግሬ እምቢ አለኝ» አለች እናት ከአልጋዋ። እጇን ወደ መነጽሩ ሰደደች። አንዴ ካወለቀችው ዳግመኛ እንደማታደርገው ልብስ ሰፊዋ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ስልኩ ጮኸ። ሽቦ ነው።

«እትዬ፣ ማካፈያውን አጥፍተሽዋል እንዴ?»

«ባጠፋውስ?»

«ይሄ ሁሉ ሰው አንቺ ላይ ወደቀ እኮ። ክፈቺው፣ እንካፈለው።»

«አግዳሚውን ትጥሉብኛላችሁ።»

«እትዬ፣ የኔም አባት ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ነካችው።

ዛፉ ወደ እህቷ፣ አግዳሚው ወደ ሽቦ ኮምፒውተር ሄደ። ግቢው ውስጥ ግን አንድም ነገር አልጎደለም። የኮምፒውተሩ ጩኸት ረገበ። እናት እግሯን መሬት አሳረፈች፣ ተራመደች፣ ሄዳም ባሏ ይቀመጥበት የነበረው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አድርጋችሁ አስተካከላችሁት?» አለች።

«እትዬ ብቻዋን ተሸክማው ነበር» አለ ሽቦ እየሳቀ። «ተካፈልንላት።»

እናት አግዳሚውን በእጇ ዳሰሰች።

«እንግዲያው እኔንም ተካፈሉኝ» አለች። «እኔን ስታነሳ ስትጥል የልጄ ወገብ አለቀ። እሷ አትነግራችሁም።»

ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ባሉበት ቆሙ። የአሁኑ ግን የኮምፒውተሩ መጨናነቅ አልነበረም።

ልብስ ሰፊዋ «እኔ ደህና ነኝ» ልትል ብላ ተወችው። ካርቶኑን አስቀምጣ እናቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ቅዳሜና እሁድ የኔ ነው» አለ አማቻቸው፣ ገና ከግድግዳው ሳይወጣ።