ንዑስ ከበርቴ

ሽማግሌው ቅጹን በሁለት እጁ ይዞ፣ የመጨረሻ ልጁን አስከትሎ ሲገባ፣ የምልመላ ክፍሏ ኃላፊ ወዲያው ለየችው። እሱ ግን አልለያትም። ይሁን። እሱ ፊቷን ቢረሳ እሷ ቃሉን ታስታውሰዋለች።

ከሃያ ዓመት በፊት እዚችው ወንበር ላይ የተቀመጠው እሱ ነበር። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በር ለወዛደር ልጅ ወለል ብሎ ይከፈት፣ ለከበርቴ ልጅ ይዘጋ የተባለ ጊዜ ነው፤ ሕጉ ዛሬም ያው ነው። እናቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ትጠግን ነበር። ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ «የስፌት መኪናው የማን ነው?» ሲላት፣ ኮራ ብላ «የራሴ!» አለች። ያቺ ኩራት ጉድ ሠራቻቸው። የማምረቻ መሣሪያ ባለቤት ናት ብሎ ቅጹ ላይ «ንዑስ ከበርቴ» ጻፈባቸው።

«እኔ? ከበርቴ?» እናቷ የተጣፈ ቀሚሷን እያሳየች ሳቀች። በማግስቱ ግን፣ ምናልባት ይሰርዝልኝ ብላ፣ መኪናዋን ተሸክማ ሄዳ ለሚስቱ በርካሽ ሸጠችላት።

«ቀለሙ ደርቋል» አላት እሱ። «ልጅቷ የማታ ትምህርት ትግባ፤ በነጻ ነው።»

ገባች። ቀን ክር ስትጠቀልል እየዋለች አሥራ አንድ ዓመት ተማረች። የጣላትም ያነሣትም ያው መንግሥት ነው። ላነሣት አመስግናለች፤ ለጣላት ግን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች።

«ይቀመጡ፣ አባባ። መተዳደሪያችሁ ምንድን ነው?»

«ጡረታ ነው እመቤቴ፤ እሷም ጡረታ ከተባለች! ሚስቴ ለሰፈሩ ሁሉ ባትሰፋ ጦማችንን ነበር የምናድረው። ወዛደር ማለት እሷ ናት!»

«በማን መኪና ነው የሚሰፉት?»

«በራሷ ነዋ!» ደረቱን ነፋ። «ጥቁር፣ የድሮ፣ መዘውሯ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት። እንዲህ ያለ ዕቃ ዛሬ የት ይገኛል?»

ቀዩን ክር ያሰረችው ኃላፊዋ ራሷ ነበረች፣ በሰባት ዓመቷ።

ብዕሯን አነሣች። ሁለቱን ቃላት ፊደል በፊደል፣ እያጣጣመች ጻፈችና ቅጹን አዞረችለት። አነበበ። ቀና ብሎ አያት። ደግሞ አነበበ።

«አንቺ... የልብስ ጠጋኟ ልጅ ነሽ?»

«እርስዎ ይበሉ፣ አባባ። መሥሪያ ቤት ነው ያለነው።»

«መኪናዋን ዛሬውኑ እመልሳለሁ! ልጄ ምን አጠፋች?»

«እኔስ ምን አጥፍቼ ነበር?» ማኅተሙን ደለቀችው። «ቀለሙ ደርቋል።»

አልደረቀም ነበር። ልጅቷ ጣቷን ቃሉ ላይ ስታሳርፍ ሰማያዊው ቀለም ነካት።

«የማታ ትምህርት አለልሽ፣ እህቴ» አለቻት ኃላፊዋ። «በነጻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው የሚፈጀው።»

ልጅቷ ቀለም የነካውን ጣቷን በአባቷ ኮት እጅጌ ጠረገችና፣ ዓይን ዓይኑን እያየች ጠየቀችው፦

«አባዬ፣ መኪናው የማን ነው?»