መቀመጫው እስኪይዝ

1.

ይነቃነቃል።

2.

ከዚህ መጀመሬ ለራሴም ደስ አላለኝም። ታሪክ ሲጀመር ሰው ይተዋወቃል፣ አገር ይጠራል። ግን ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ያስቸገረኝ ቃል ይሄ ብቻ ስለሆነ አውጥቼው ልገላገል ብዬ ነው። አሁን እንተዋወቅ። ሮማን እባላለሁ፤ የአዳማ ልጅ ነኝ። የሚነቃነቀው ለአባዬ የገዛነው የሽንት ቤት መቀመጫ ነው።

3. አባዬ

የድሮው ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚባልበት ነበር። አባዬ እዚያው ተንሸራቶ ወደቀና ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ብረት አስገቡለት። ሐኪሙ እኔንና እማዬን ኮሪደር ላይ አቁሞ፣ «ከእንግዲህ ቁጢጥ ማለት የለም፤ መቀመጫ ይዘጋጅላቸው። ደግመው ከወደቁ ግን በእግራቸው መሄዱን እርሱት» አለን።

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ኬላ ላይ ፈታሽ ነበር። የሰው ሻንጣ ሲያስከፍት የኖረ ሰው፣ የራሱን የሽንት ቤት በር ገርበብ አድርጎ እንኳን አያውቅም። ሆስፒታል ፖፖ ሲያቀርቡለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ያን ቀን አባቴ ሲያለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ። «ቤቴ ልግባና በሬን ልዝጋ» ይል ነበር፤ ሌላ ነገር አልለመነንም።

4.

እዚህ ላይ ስለ ወለሉ ላወራ ነበር። ግን ያኔም እንዲሁ ነው የሆነው፤ ስለ ወለሉ ሳስብ ከሆስፒታል ስልክ ተደወለ። ለሌላ ሰው አልጋ ስለተፈለገ አባዬ ሰኞ መውጣቱ ቀርቶ በማግስቱ ዓርብ ይወጣል።

5. መመሪያ (ወለልህ እንደ እኛው ከሆነ)

መቀመጫውን ቦታው ላይ አሳርፈው። ውሃ ልክ ጣልበት። አረፋዋ መሀል አልቆም ካለች ወለሉ አዘቅዝቋል ማለት ነው።

ብሎኑን ጠበቅ ባደርገው ይስተካከላል አትበል። ይሰነጠቃል።

በእጅህ እየገፋህ በየት በኩል እንደሚያነክስ እወቅ። ክፍተቱ ውስጥ የፕላስቲክ ሽብልቅ ግፋ። ካርቶን አይሆንም፤ ካርቶን ይርስና ይሟሟል። ብሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቅክ ቀስ እያልክ አጥብቅ። ዙሪያውን በነጭ ሲሚንቶ ሙላ።

ከዚያ ተወው።

ተወው።

እኛ ቤት ያልተቻለው ይሄ የመጨረሻው ነው።

6. ለምን አዘቀዘቀ

ሚፍታህ (ቧንቧ ሠራተኛው)፦ እማማ፣ ይሄን ሴራሚክ ማን ነው ያስነጠፈው?

እማዬ፦ እኔ ነኛ። ወደ ፍሳሹ አዘቅዝቀው ብዬ አናቱ ላይ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ውሃ ተደፍቶበት ሙልጭ ብሎ ካልወረደ ወለል ታጠበ ይባላል እንዴ?

ሚፍታህ፦ በዚህ በኩል አንድ ጣት ሙሉ ይወርዳል እኮ።

እማዬ፦ እሱን ነው የምልህ። አንድ ጠብታ አይተኛበትም።

ሚፍታህ፦ እንግዲህ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። እንሸብልቀዋለን።

እኔ፦ ዛሬ ያልቃል?

ሚፍታህ፦ ሥራው ያልቃል። ሲሚንቶው ግን እስኪይዝ እስከ ነገ ማታ ሰው አይቀመጥበትም።

እኔ፦ አባዬ ነገ ጠዋት ነው የሚመጣው። ቶሎ የሚይዝ ነገር የለም?

ሚፍታህ፦ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? እስከዚያ ፖፖ ይጠቀሙ።

እማዬና እኔ ተያየን። ፖፖውን ማን እንደሚያቀርብለት ለመነጋገር ሁለታችንም አልደፈርንም።

7. ማስታወቂያ

«ሲሚንቶው አልደረቀም። እባክዎ አይቀመጡ።»

በትልልቁ ጽፌ ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። ጎረቤታችንንም እንግዳ ከመጣ የእነሱን ሽንት ቤት እንዲጠቀም ጠየቅኳት። እሺ አለችኝ፤ የእነሱም ቁጢጥ የሚባልበት ስለሆነ ለአባዬ አይሆንም እንጂ። ከዚያ በየሰዓቱ እየሄድኩ ሲሚንቶውን በጣቴ ነካሁት። አትንኪው ተብያለሁ፤ አውቃለሁ።

8.

ዓርብ ረፋድ ላይ አባዬ ገባ። ከመኪናው እስከ በሩ በብረት መደገፊያው እየተራመደ፣ እኔ ከኋላው ሸሚዙን ይዤ። ሶፋው ላይ ደገፍ አደረግነው።

ሰው ከሆስፒታል ወጣ ሲባል ሰፈራችን ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም። ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ። እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ እንኳን አተረፈህ። ሳሎኑ ሞላ። ወንበር ከጎረቤት መጣ።

ሁሉም ሻይ ጠጣ።

9.

እትዬ ዘነቡ በእድራችን ትልቅ ሰው ናቸው። ሰውነታቸውም እንደ ክብራቸው ነው። ስኳር ስላለባቸው ሽንታቸውን ብዙ መያዝ አይችሉም።

እትዬ ዘነቡ፦ ሮሚዬ፣ መታጠቢያ ቤታችሁ በየት በኩል ነው?

እኔ፦ እትዬ፣ እዚህ ጎረቤት ልውሰድዎት፣ የእኛው...

እማዬ፦ ምን በወጣቸው ነው ጎረቤት የሚሄዱት? በዚህ ይግቡ እትዬ። መብራቱን አብሪላቸው።

እኔ (በጆሮዋ)፦ እማዬ፣ ወረቀቱን ያዩታል...

እማዬ (በጆሮዬ)፦ ጠዋት አንስቼዋለሁ። ሊጠይቀን የመጣ ሰው ላይ አትቀመጥ ተብሎ ይለጠፋል? ነውር አታውቂም?

ሄጄ መብራቱን አበራሁላቸው።*

* ይሉኝታ የማይገባህ ከሆነ ይህን ቁጥር እለፈው። የሚገባህ ከሆነ ደግሞ ለምን አላልሻቸውም ብለህ አትጠይቀኝ።

10.

ቀጭ።

11.

«ቤታችሁ ይባረክ፣ እንዴት ያለ ምቹ መቀመጫ ነው» እያሉ ወጡ።

እየሮጥኩ ገባሁ። ሲሚንቶው በአንድ በኩል ተሰንጥቆ ተነሥቷል። ሽብልቁ ሾልኮ ወጥቷል። በመዳፌ ገፋ ሳደርገው ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ሚፍታህ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ዓርብ ነዋ፣ ጁምዓ ላይ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እናቴን ተሳደብኩ፣ በሆዴ። ከዚያ ራሴን ተሳደብኩ፣ በአፌ።

12.

ሳሎን ስመለስ አባዬ መደገፊያውን ስቦ አስጠግቶታል።

አባዬ፦ ሮሚ፣ አንሺኝ እስቲ።

እማዬ (በጆሮው)፦ መኝታ ቤት እንግባና ፖፖውን ላቅርብልህ።

አባዬ፦ ቤቴ ነኝ እኮ።

እማዬ፦ እስከ ማታ ብቻ።

አባዬ፦ ቤቴ ነኝ አልኩሽ።

ሰው ሁሉ ወደ ሻይ ብርጭቆው አቀረቀረ። እማዬ በዓይኗ ዝም በይ አለችኝ። ዝም ማለት ፈልጌ ነበር።

እኔ፦ አባዬ፣ መቀመጫው ይነቃነቃል። ሲሚንቶው ሳይዝ ሰው ተቀመጠበትና ተሰነጠቀ።

እትዬ ዘነቡ ብርቱካን መላጣቸውን አቆሙ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘነቡ ቤታችን አልመጡም፤ እማዬም ስማቸው በተነሣ ቁጥር እኔን ነው የምታየው።

አባዬ ግን ተነሥቶ ነበር።

13.

በሩ ላይ ደረስን።

«በቃ፣ ተመለሺ። እዘጋዋለሁ» አለ።

«አልመለስም።»

«ሮማን፣ አባትሽ ነኝ።»

«አባቴ ስለሆንክማ ነው። ሐኪሙ ደግመው ከወደቁ መሄድ የለም ብሎናል። ለአንተ አልነገርንህም። ተሸክሜህ መኖር አይደለም የከበደኝ፤ አንተ እንደማትችለው ስለማውቅ ነው።»

መደገፊያውን ከበሩ ትንሽ ፈቀቅ አደረገልኝ።

ቀድሜው ገባሁ። በሩን ከኋላችን ዘጋሁት፤ ቢያንስ ይህችን እንዳያጣ። መቀመጫው ጎን ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። ሽብልቁን ወደ ቦታው ገፍቼ በጉልበቴ ያዝኩት፣ የመቀመጫውን እግር በሁለት ክንዴ አቀፍኩት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አላይም አባዬ። ጨፍኛለሁ።»

ሳሎን ውስጥ እማዬ ለእንግዶቹ ተጫወቱ እንጂ ትላለች። ፈርቼ ነበር። መውደቁን ፈርቼ ነበር፤ እሱ ሳይቀመጥ ዞሮ ቢወጣ ደግሞ ከዚያም ብሶ ፈርቼ ነበር።

የመደገፊያው ብረት ሴራሚኩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ለመዞር አንድ እጁን መልቀቅ አለበት። የለቀቀው እጅ የሚይዘው ነገር ፈልጎ አየር ላይ ዋለለና አናቴ ላይ አረፈ። ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው።

«ያዝሽው?» አለኝ።

14.

እኔ፦ ይዤዋለሁ፣ አባዬ። ተቀመጥ።