አማርኛ አያነብም

ቻላቸው በበትሩ የድንኳኑን ምሰሶ ነካ ነካ አድርጎ ገባ። በር ላይ የቆሙት ሰዎች መንገድ ለቀቁለት፤ እሱ ግን ማንም ሳይመራው የሴቶቹን ለቅሶ ተከትሎ የሟቹ ሚስት አገኘሁሽ ዘንድ ደረሰ። የፎገራ ሜዳ በጎርፍ ስለ ተሞላ ከባሕር ዳር የመጣበት ሚኒባስ ውኃው እስኪጎድል ሐሙሲት ላይ ሲጠብቅ ውሎ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

“እግዚአብሔር ያጥናዎት፣ መምህርት” አለና አጠገቧ በተጎዘጎዘው የሩዝ ገለባ ላይ ተቀመጠ።

አገኘሁሽ በድምፁ አወቀችው። እሱም እንደ እሷ ዓይነ ስውር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የዓይነ ስውራንን ኮምፒውተር የሚያስተካክል ባለሙያ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለአገኘሁሽ፣ ለወረታዋ የአማርኛ መምህርት፣ ኮምፒውተር በሰጣት ጊዜ አጠቃቀሙን ያስተማራት እሱ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፤ ከፊቱ ደግሞ ጽሑፉን በብሬል ነጥብ ከጣቷ ሥር ብቅ የሚያደርግ ጠፍጣፋ መሣሪያ ተሰክቶበታል።

ወዲያ ማዶ የሟቹ ታላቅ እኅት ደብረወርቅ ወንድሟን እያነሳች ታለቅስ ነበር። ለሰው ዓይን የሆንኸው ወንድሜ ትላለች፤ ሴቶቹም ይቀበሏታል። ባሏን አንለይን ወባ ድንገት ከወሰደው ጀምሮ አገኘሁሽ የሰማችው ይህንኑ ነው። የመጣው ሁሉ ምስኪን፣ አሁን ገና ታወረች እያለ በሹክሹክታ ያዝንላታል። ሹክሹክታው ለጆሮዋ ጩኸት መሆኑን ማንም አያስብም።

እውነትም አንለይ ያነብላት ነበር። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ ውሎ ሲገባ እግሩን ታጥቦ፣ በቀኟ ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና የተማሪዎቿን ድርሰት፣ ጋዜጣውን፣ ልብ ወለዱን ሁሉ ያነብላታል። ደክሞት ቆም ካለ ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ ታደርገዋለች። ቀጥል ማለቷ ነው። ጉሮሮውን ጠርጎ ይቀጥላል። ጎረቤት እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል ይል ነበር፤ እሷም እንደዚያው ትል ነበር።

ኮምፒውተሩ እንግሊዝኛውን አንድም ሳይስት ያነባል። አማርኛ ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ይጠፋል፤ ነጥቦቹም ከጣቷ ሥር ዝቅ ብለው ይቀራሉ። የአማርኛ መምህርት ይዛው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያወራ ዕቃ ነው ብላ ትስቅበት ነበር። ባሕር ዳር በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪ እንድትማር የተፈቀደላት ጊዜ ግን ሳቁ ቀረ። ያን ጊዜ አንለይ መላ ቢገኝለት ብሎ ኮምፒውተሩን ቻላቸው ዘንድ ወሰደላት። ማታ ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“አማርኛ አያነብም፤ ገና ነው አለኝ” አላት። ቆይቶም፣ “እዚያ ማን ያነብልሻል?” አለ፣ ቀስ ብሎ።

አንድ ጊዜ ራሷ ለቻላቸው ልትደውል አስባ፣ ባሏን የተጠራጠረች መሰላትና ተወችው። ትምህርቱንም ተወችው። ያን ሰሞን አንለይ ከወትሮው የበለጠ ተንከባከባት። በጣም ወደደችው።

አሁን ቻላቸው ከቀረበለት ንፍሮ ትንሽ ቀምሶ፣ ጨዋታ ለማምጣት ያህል፣ “የአማርኛውን ድምፅ በኋላ ለመዱት?” አላት።

“የምኑን ድምፅ?”

“የኮምፒውተሩን። ጋሽ አንለይ ይዞት የመጣ ጊዜ የጫንሁትን። ብሬሉንም በአማርኛ አስተካክየው ነበር። አብረን ስንሰማው ውለን፣ ሲወስደው ማጥፊያውን ጠየቀኝ፣ አሳየሁት። ኋላ ስደውልለት ድምፁን ጠልታ ተወችው አለኝ።”

ደብረወርቅ የአገኘሁሽን ፊት አይታ ራሷን ልትስት ነው ብላ ውኃ በፊቷ ላይ አርከፈከፈችባት። ውኃው አንገቷ ድረስ ሲወርድ እንኳ አላበሰችውም። ለማን ስታለቅስ እንደ ቆየች ጠፍቷት ነበር።

“የቱን ነው የምነካው?” ብላ ጠየቀች። ቻላቸው የአማርኛው ማብሪያ የትኛው ቁልፍ እንደ ሆነ ነገራት።

ቤት ልትገባ ስትነሳ ደብረወርቅ ልምራሽ ብላ ክንዷን ያዘች። አገኘሁሽ በገዛ ቤቴ መንገድ አይጠፋኝም ብላ እጇን አስለቀቀች። ሰው ደነገጠ፤ እንዲህ መልሳ አታውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሩ እንደ ተከፈተ ነው። የትምህርት ቤት ባልደረባዋ ሀይለየሱስ ጠዋት የአንለይን የሕይወት ታሪክ የጻፈው በእሱ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውኃ ገብቶበት ቀብሩ በጥድፊያ ስለ ተፈጸመ፣ ታሪኩ ነገ በሰልስቱ ድንኳን ውስጥ ሊነበብ ተወስኗል። ሀይለየሱስ ጽፎ ሲያነብላት አልቅሳ፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈኸዋል ብላው ነበር።

የተባለችውን ቁልፍ ነካች። ኮምፒውተሩ በሚጎተት፣ አገር በማያውቅ ድምፅ፣ “አንለይ” አለ። ደነገጠች። ውጭ እንዳይሰማ ድምፁን ዘጋችና ጣቶቿን በነጥቦቹ ላይ አሳረፈች።

አማርኛው ብቅ አለ። ተወለደ፤ ተማረ፤ ሩዝን ለፎገራ ገበሬ አስተማረ። ጣቷ እየፈጠነ ሄደ። ማንም ጉሮሮውን ሳይጠርግላት፣ ማንም ሳይደክመው፣ የራሷን ቋንቋ ከዚህ ዕቃ ላይ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ አላት። ባሏን በቀበረች ማግሥት ደስ አላት፤ ይህንንም ደስታ እስከዛሬ የደበቀባት እሱ መሆኑን ስታስብ ጥርሷን ነከሰች። በሕይወት ቢኖር ትጠይቀው ነበር። አሁን ማንን ትጠይቃለች?

ማጥፊያውን ሲጠይቅ ምን አስቦ እንደ ነበር ግን ታውቃለች። እንዳትሄድበት ፈርቶ ነው። ማወቋ አላቀለላትም።

ጣቷ “ለባለቤቱ ዓይን ነበር” ከሚለው ላይ ደረሰና ቆመ።

ደብረወርቅ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። “ሀይለየሱስ የጻፈው ስለ ወንድሜ ምን ይላል?”

“ዓይኗ ነበር ይላል።”

“ያችን ቃል እንዳታስወጫት።”

“እትየ፣ ዓይኔ አልነበረም። ያነብልኝ ነበር።”

“ምን ልዩነት አለው?”

“ለእኔ አለው” አለች አገኘሁሽ። የቀረውን ልትነግራት አፏን ከፈተች። የደብረወርቅ ድምፅ በልቅሶ ብዛት ሰልሏል፤ ወንድሟ አንድ ብቻ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች። “ነገ ሀይለየሱስ አይድከም። የማነበው እኔ ነኝ።”

“አንቺ? በምንሽ?”

“በጣቴ።”

ደብረወርቅ ሐዘን አናቷ ላይ ወጣ ብላ ይሆናል፣ ቀስ ብላ ወጣች። አገኘሁሽ “ዓይን ነበር” የሚለውን ፊደል በፊደል ደመሰሰችው። በቦታው “ያነብላት ነበር” ብላ ጻፈች። ለእሱ ከዚህ የበለጠ መዋሸት አልቻለችም፤ ከዚህ ያነሰም ማለት አልሆነላትም።

የጻፈችውን ልታረጋግጥ ከላይ ጀምራ በጣቷ አነበበች። ከነጥቦቹ መጨረሻ ደረሰች። ወደሚቀጥለው መስመር ለማለፍ ቁልፉን መጫን ነበረባት፤ ቀኝ እጇ ግን ወደ ጎን ሄደና ባዶዋን ወንበር ሁለቴ መታ መታ አደረገ።