የሾዴ የቁም ተዝካር

አያቴ ሾዴ ሁለት ጊዜ ሞታለች። ሁለተኛው ዘጠናን ካለፈች በኋላ በእርጅና ነው፤ እሱ ለወሬ አይመችም። የመጀመሪያውን ጊዜ የገደላት ግን የገዛ ልጇ፣ አጎቴ ደቻሳ ነው።

ደቻሳ የጉለሌ ልጅ ነው። በሃምሳ ሁለት ዓ.ም. አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠር ስሙን ብርሃኔ አለ። በጃንሆይ ዘመን እንዲህ ያደረገው እሱ ብቻ አልነበረም፤ በስሙ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን እናቱንም የባላባት ልጅ፣ ባለ ርስት አደረጋት። ሲያወራ፣ ሲያወራ፣ አንድ ቀን አለቃው ባላምባራስ ወልዱ "ለፋሲካ ውሰደኝና እኒህን እናትህን እንኳን አደረሰዎ ልበላቸው" አሉት። አጎቴ ጨነቀው። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ከእንጦጦ እንጨት በጀርባዋ እያወረደች የሸጠች፣ ወገቧ ጎብጦ የቀረ ሴት ናት። እሷን ለባላምባራስ ከማሳየት መግደል ቀለለው። "አገር ቤት ሞተው ተቀበሩ" ብሎ ጳውሎስ አካባቢ በተከራየው ቤት ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ንፍሮውን ሲቆረጥም ሰነበተ።

እኛ ያወቅነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተላላኪ ቶለሳ አጎቴን ለአስቸኳይ ጉዳይ ፈልጎ ከቤቱ ሲያጣው፣ ሰው ወደ እኛ ጠቆመው። አያቴ ደጅ ተቀምጣ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

"የአቶ ብርሃኔ ዘመዶች ቤት ይኼ ነው እማማ?"

"ብርሃኔ የሚባል ዘመድ የለንም።"

"መነጽር የሚያደርጉት፣ ጸሐፊው።"

"ደቻሳን ነው? ልጄ ነዋ!"

ቶለሳ አማተበ። "እናታቸውማ ሞተዋል። ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከልኩት እኔ ነኝ!"

አያቴ ጎመኑን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"በደንብ አለቀሰ?" አለችው።

"ኧረ እሳቸውን ማን ችሏቸው! ደረታቸውን ሲደቁ ነበር።"

"ታዲያ ተዝካሬስ? አርባዬ አልፎ የለም እንዴ?"

የዚያን ዕለት ለእናቴ ለብርቅነሽ ቁርጡን ነገረቻት። "ተዝካሬን እኔው አወጣለሁ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይጠራ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት 'እናቴ ናት' ይበል። ካላለ ግን እውነትም ሞቻለሁ፤ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ።" እናቴ ለመነቻት። አያቴ ለልመና የምትመች ሴት አልነበረችም።

የቁም ተዝካር ያለ ነገር ነው፤ ልጆቹን ያላመነ ሰው ሳይሞት ተዝካሩን ያወጣል። ስለዚህ ጎረቤቱ ምንም ሳይገርመው መጣ። ቶለሳ ደግሞ አያቴ እንዳዘዘችው መሥሪያ ቤቱን "የአቶ ብርሃኔ እናት ተዝካር" ብሎ ጠራ። በአንድ ዳስ ውስጥ ግማሹ የቁም፣ ግማሹ የሙት ተዝካር ሲበላ ዋለ፤ ጠላው ግን አንድ ነበር።

አጎቴ እነማን እንደተጠሩ አልተነገረውም። ዘልቆ ገብቶ ባላምባራስን ከካህናቱ ጎን ሲያያቸው ፊቱ አመድ መሰለ።

"አንተ ሰው፣ ለእናትህ ተዝካር ተላላኪ ይጥራን?" አሉት ባላምባራስ። ከዚያ ወደ አያቴ ዞሩ። "ለመሆኑ እኒህ እናት ምንህ ናቸው?"

አጎቴ መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። አያቴ አየችው፤ ትኩሳት ሲይዘን የምታየንን አስተያየት።

"የሟች እኅት ነኝ፣ ጌታዬ" አለች።

ተናደድኩ። ያን ሁሉ ደግሳ፣ ያን ሁሉ ፎክራ! ዛሬም ሲታወሰኝ ያናድደኛል።

"ነፍስ ይማር። እንዴት ያሉ ሴት ነበሩ?" አሉ ባላምባራስ።

"ክፉ ነበረች። አንድ የደን ዘበኛ እንጨቷን ሊቀማት ቢል እጁን ነክሳው፣ ሰውየው ሳምንት ሙሉ በግራው ነው የበላው። ቅዳሴ ላይም ቆማ ታንኮራፋ ነበር። ምን ታድርግ፣ ዶሮ ሳይጮህ ነው እንጦጦ የምትወጣው።"

"እንጨት? ባለ ርስት አልነበሩም እንዴ?"

"ርስቷ ጀርባዋ ነበር። ባሏ አራት ልጅ ጥሎባት ሞተ፤ ሁለቱን ቀበረች። ይኼን ታናሹን ደረቷ ላይ አስራ፣ እንጨቱን ከኋላ ተሸክማ ትወርድ ነበር። ሲያለቅስ እየሄደች ታጠባዋለች። ጫማ ከሌለኝ ትምህርት ቤት አልሄድም ቢላት፣ በቀን ሁለቴ ወጣች። እግሩ አድጎ ጫማው ሲጠበው፣ እንደገና። ልጆቹ ደረሱ ስትል የልጅ ልጅ መጣ፤ ይቺን አሳደገች።" ወደ እኔ ጠቆመች። "ይቺ ነገረኛ ናት፤ እሷን ነው የወጣችው።"

"እናቴ ናት!"

የጮኸው አጎቴ ነው። መነጽሩን አውልቆ እግሯ ላይ ተደፋ። "ባላምባራስ፣ እናቴ አልሞተችም። ይቺውና! እንጨት ተሸክማ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስሜም ደቻሳ ነው!"

ጎረቤቱ የአያቴን ምላስ ስለሚፈራ ጣልቃ አልገባም። ቶለሳ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ።

ባላምባራስ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አዬ ሐዘን! አገረሸበት። አክስቱ እናቱን መስለው ታዩት።"

ሁለት ጸሐፊዎች ተነሥተው ብብቱን ያዙት። "አይዞህ ብርሃኔ፣ ቻለው እንጂ።" አንዱ ውሃ አምጡ አለ። አጎቴ "እናቴ ናት እላችኋለሁ!" ባለ ቁጥር ማጽናናቱ ባሰበት፤ ባላምባራስ እዚያው የሳምንት ዕረፍት ፈቀዱለት።

አያቴ ከሰዎቹ እጅ ነጥቃ ራሱን ጭኗ ላይ አደረገች። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋን ግን አልጠረገችም።

"ተዉት፣ ይበል" አለቻቸው። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። "ጮክ በል እንጂ፣ ደቻሳ። ደጅ ያሉት አልሰሙህም።"