ሠላሳ ስምንተኛዋ አረንጓዴ

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ከመነሻው ልናገረው፤ ኋላ ላይ «ይቺን ሴትዮ እንዲህ የሚያንቀጠቅጣት ምንድን ነው?» እንዳልባል። ውሻ ሲጮኽ መንገድ እቀይራለሁ። ስልክ ሲጠራ ሰው የሞተ ይመስለኛል። ሥራዬ ደግሞ ሰው በሕይወት ማደሩን ማረጋገጥ ነው። ሥራ አስኪያጃችን ለዚህ ሥራ ሲመርጠኝ «ፈሪ ሰው አይዘናጋም» ብሎ ነበር። ተሳስቷል። ፈሪም ይዘናጋል፤ ያውም ፍርሃቱ ራሱ ሲሰለቸው።

የሰፈራችን የመረጃ ማዕከል አንዲት ሰፊ ክፍል ናት። ስድስት ኮምፒውተር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን፣ በተቀመጡበት ቁጥር የሚያቃስቱ ወንበሮች አሏት። ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈላጊው ማመልከቻ ይጽፍባታል፤ ጡረተኛው ሩቅ አገር ያለ የልጅ ልጁን ፊት ያይባታል። ጠዋቱ ግን የእኔ ነው። ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ ብቻቸውን ለሚኖሩ ስልሳ አንድ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች መደወል ይጀምራል። የተቀዳ ድምፅ አለ፤ ጉንፋን ይዞኝ የተቀዳሁት የእኔው ድምፅ ነው። «እንደምን አደሩ? ደህና ከሆኑ አንድ ቁጥርን ይጫኑ፤ እርዳታ ከፈለጉ ሁለትን» ይላል። አንድ የተጫነ ሰው ስሙ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለት የተጫነ፣ ወይም ጭራሽ ያላነሳ፣ ቀይ ይሆናል። ቀይ የሆነው ሰው ቤት እስከ አራት ሰዓት በእግሬ መድረስ አለብኝ።

ሠላሳ ስምንተኛዋ እትዬ ስፌት ናቸው። የወጣላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሱሪ ሲያሳጥሩና ሲያስረዝሙ ኖረው ስማቸው ከስፌት መኪናቸው ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም። በጽሑፍ ግን ማንም አይስተካከላቸውም። ልብስ በሚያሰምሩበት ጠመኔ ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጽፋሉ፤ እኛም እዚያው ላይ እንመልሳለን፤ የፊደል ስህተት ካገኙብን ሳያርሙ አያልፉም። ልመዘግባቸው የሄድኩ ቀን የስልኩን ነገር፣ የአንድና የሁለቱን ነገር ጻፍኩላቸው። አነበቡና አዩኝ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ስቀው «ለደንቆሮ ስልክ?» ብለው ጻፉ። አፈርኩ። «ሌላ ዘዴ እስክናገኝ ነው» ብዬ መለስኩላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ቀይ ሆኑ። በየቀኑ አራት ፎቅ ወጣሁ። በራቸው ላይ ገመድ አለ፤ ከውጭ ሲጎትቱት ከውስጥ መኪናቸው ፊት የተሰቀለች ቀይ ጨርቅ ትዘላለች። እጎትታለሁ፣ ይከፍታሉ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል አይተው ይስቃሉ፣ ጠመኔያቸውን አንስተው «አልሞትኩም» ይጽፉልኛል። በስድስተኛው ቀን ጉልበቴም ትዕግሥቴም አለቀ። የማዕከሉን ቴክኒሽያን ለመንኩት። «ይህቺን መስመር ሦስት ሰዓት ሲሞላ ኮምፒውተሩ ራሱ አረንጓዴ ያድርጋት» አልኩት። እሱም አደረገው። ጥሪውንም ላቋርጠው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ተወው፣ ማንን ይጎዳል አልኩት። ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ያ ሁሉ ከሆነ ስምንት ወር አልፎታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርን ያላየ ሰው የተናገረው መሆን አለበት።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ሪፖርታችን ስልሳ አንድ ከስልሳ አንድ ሆነ። እትዬ ስፌትን ጭርሱን የረሳኋቸው ግን አይምሰላችሁ። የጨረሱትን ልብስ ባለቤቱ ከመንገድ እንዲያየው መስኮታቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ ሲመሽ ያስገባሉ። እኔም አውቶቡስ ስጠብቅ ቀና ብዬ መስኮቱን አያለሁ። ትላንት ኮት ከነበረ ዛሬ ቀሚስ ነው፣ ነገ መጋረጃ ነው። በቃ፣ አሉ ማለት ነው እላለሁ። ጉብኝቴ ይኸው ነበር።

ባለፈው ሐሙስ እንግዶች መጡብን። እንዲህ ያለውን ሥራ በየሰፈራቸው ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ ክራባት አስሮ ስክሪኑ ፊት አቆማቸው። ሦስት ሰዓት ሞላ። ገና አንድም ሰው ሳይጫን አንዲት ስም ቀድማ አረንጓዴ ሆነች፤ ሠላሳ ስምንተኛዋ። ከዚያ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ግድግዳው ለምለም መስክ መሰለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ከመካከላቸው መነጽር ያደረገች ሴት እጇን አነሳች። መስማት የማይችሉትን እንዴት አደረጋችኋቸው ብላ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ደረቱን ነፋ አድርጎ ወደ ሠላሳ ስምንተኛዋ ጠቆመ። አንድም ቀን ቀርተው እንደማያውቁ፣ እንዲያውም ዛሬ ሁሉንም እንደቀደሙ ነገራት።

«እንዴት ነው የሚመልሱት?» አለች ሴትዮዋ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ስልኩ ሲንቀጠቀጥ ይታወቃቸዋል» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ። ሴትዮዋ ደስ አላት፣ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። እሷ ስትጽፍ እኔ የመጨረሻ ጊዜ ፊታቸውን ያየሁት መቼ ነው ብዬ አሰብኩ። አላስታወስኩም። መስኮታቸውንስ? እሱን አስታወስኩ። ሰማያዊ የትምህርት ቤት ቀሚስ ነበር። ዛሬ ጠዋት። ትላንትም ሰማያዊው ቀሚስ። ከትላንት ወዲያም። ሌሊት ዝናብ ጥሎ አድሮ ዛሬ ቀሚሱ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። እኔም በልቤ «እትዬ ስፌት ረሱት» ብዬ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።

እትዬ ስፌት ልብስ አይረሱም። የሰው ልብስ ዝናብ ከሚመታው እሳቸውን ቢመታቸው ይመርጣሉ።

መጸዳጃ ቤት እንደሚሄድ ሰው ቀስ ብዬ ከክፍሉ ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ሮጥኩ። ዕድሜዬም ጫማዬም ለሩጫ አይደለም። መንገዱን ሁሉ «አምላኬ፣ ቀሚሱን አንሥተውት ላግኝ» እላለሁ። ሕንፃው ሥር ደርሼ ቀና ስል ቀሚሱ አለ። ነፋስ እንኳ አያወዛውዘውም።

አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ገመዱን ጎተትኩ። ቀይዋ ጨርቅ ወዲያ ማዶ ስትዘል በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ጠበቅኩ። ደግሜ ጎተትኩ፣ ደጋግሜ ጎተትኩ፣ ገመዱ ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? በሩን እየደበደብኩ ስማቸውን መጣራት ጀመርኩ። አርባ ዓመት የማውቃቸውን ደንቆሮ ሴት በጩኸት ስጣራ ራሴን ሰማሁት።

ጩኸቴን የሰማው ከሥር ሦስተኛው ፎቅ ላይ ፀጉር የሚያስተካክለው ጎረቤታቸው ነው። የደንበኛ ፀጉር ትከሻው ላይ እንዳለ መጣ። ነገሩን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

«ማክሰኞ ወለሉ ሲመታ ሰምቻለሁ እህቴ» አለኝ። «መኪናቸው መስሎኝ ነው።»

በሩን በትከሻው ሦስት ጊዜ መታው። በአራተኛው ተከፈተ። እኔ መጀመሪያ መግባት አልቻልኩም። እውነቱን ነው የምናገረው፤ ደፉ ላይ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማየት ካልጀመርኩ ገና አልሞቱም ብዬ ነው። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው የእናቴ ድምፅ ይሰማኛል።

«አሉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ይተነፍሳሉ።»

መስኮቱ ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። የሚቀመጡባት በርጩማ ተገልብጣለች። ሰኞ ማታ ቀሚሱን ሊያወርዱ ወጥተውባት ነው የወደቁት። አንድ እግራቸው መሆን በማይገባው አቅጣጫ ታጥፏል። አጠገባቸው ሲተኩሱ ልብስ የሚያርሱበት የውሃ ጠርሙስ ባዶውን ተጋድሟል፤ ነፍሳቸውን ያቆየችው እሷ ናት። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። የቁጥር ቁልፍ ያላትን አሮጌ ስልካቸውን በቀኝ እጃቸው ጨብጠዋታል፤ ጣታቸውን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅነው። ዓይናቸውን ገልጠው እኔን ሲያዩ የሆነ ነገር ሞከሩ፤ እንደ መሳቅ ያለ ነገር። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሟ ለምን ያህል ጊዜ ወድቀው እንደቆዩ ጠየቀችኝ። ለመድኃኒቱ ያስፈልገኛል አለች። ሰኞ ማታ ሳይሆን አይቀርም አልኳት። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብትለኝ አልነበርኩም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ የማዕከሉን መዝገብ በስልኬ ከፈትኩ። ቀለማቱን ሳይሆን ከሥር ያለውን፣ እያንዳንዱ ጥሪ ስንት ሰዓት እንደተደረገና ምን ቁጥር እንደተጫነ የሚጻፍበትን። ማንም አይከፍተውም፤ እኔም ከፍቼው አላውቅም። የሳቸው መስመር ባዶ እንደሚሆን አውቅ ነበር። የከፈትኩት የሆነ ነገር ላድርግ ብዬ ነው።

ባዶ አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት «አልተነሣም» ይላል። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ግን በየቀኑ፣ እሑድ እንኳ ሳይቀር፣ ሦስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ላይ አንድ ቁጥር አለ። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፤ ስምንት ወር ሙሉ። ሰኞ፣ አንድ። ማክሰኞ፣ ሁለት። ረቡዕ፣ ሁለት። ዛሬ ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ፣ ሁለት። እንግዶቹ ስክሪኑ ፊት ቆመው ነበር። ቀለሙን የምትወስነው እኔ ያስጨመርኳት ትእዛዝ ስለነበረች የሳቸው ሁለት ከሥር ተጽፎ ቀረ፤ ከላይ ለምለም አረንጓዴ።

በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ እንደዚያን ሰዓት ግን ፈርቼ አላውቅም። ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ወዲያው ደግሞ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ ነው። ወሬው ደርሶታል፤ ከፀጉር አስተካካዩ ይሁን ከማን አላውቅም። ድምፁ ሞቅ ብሏል። እንግዶቹ ገና እንዳልሄዱ፣ አሠራራችን የሰው ሕይወት እንዳተረፈ እንደነገራቸው አጫወተኝ።

«ስልኩ ነው አይደል የጠቆመሽ?» አለኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። መዝገቡን ደግሞ ማንም አይከፍተውም። «መልሼ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁት።

አመሻሽ ላይ ነቁ። እግራቸው ታስሯል፣ በክንዳቸው ግሉኮስ ይንጠባጠባል። የሽርጥ ኪሳቸው ውስጥ ያገኘኋትን ጠመኔና ያቺን ጥቁር ጨርቅ ይዤላቸው ነበር። ጨርቁን ደረታቸው ላይ ዘረጋሁት። እጃቸው እየዛለ፣ እያረፉ፣ ብዙ ጻፉ።

«ስልኩን የመኪናው ብረት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሲንቀጠቀጥ በጣቴ ይታወቀኛል። አንሥቼ እስከ ሃያ ቆጥሬ አንድን እጫናለሁ። ሴትዮዋ ምን እንደምትል አልሰማም፤ ግን ከተጫንኩ ወዲህ አንቺ አልመጣሽም። ስለዚህ እንደሚሠራ ገባኝ።»

ጨርቁ ሞላ። በመዳፋቸው ጠርገው ቀጠሉ።

«ሁለት ግን አልሠራም። የስልኬ ሁለት ቁጥር ተበላሽቶ ነው። የእኔስ ይሁን፣ የሌሎቹም ተበላሽቶ እንዳይቸገሩ አይተሽ አሠሪልኝ።»

ጠመኔዋን ሰጡኝ። እየጠበቁኝ ነው። ያቺ ለሥራ አስኪያጁ ያልመለስኩለት «አዎ» ምላሴ ላይ አለች። ጠራርጌ «እሺ፣ አሠራዋለሁ» ብዬ ብጽፍ እሳቸው ያምኑኛል። ሰፈሩም ያምነኛል። ስምንት ወር አምነውኛል እኮ።

ጨርቁን ጠርጌ ጻፍኩ፤ የፊደል ስህተትም ሠርቻለሁ።

«ስልክዎ ደህና ነው። ሦስቱንም ቀን የተጫኑት ሁለት ደርሶናል። በየጠዋቱ መወጣጫው ሲሰለቸኝ ጊዜ፣ ምንም ቢጫኑ አረንጓዴ እንዲሆኑ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። የሚመልሱ አልመሰለኝም ነበር። ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ቀሚሱን አይቼ አልፌያለሁ።»

አነበቡ። ከመጨረሻው ተመልሰው ከመጀመሪያው አነበቡ። ስህተቴን ያርማሉ ብዬ ጠመኔዋን ዘረጋሁላቸው፤ አልተቀበሉኝም። ፊቴን አዩት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ጨርቁን ጠርጌ «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ጻፍኩ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከጨፈኑ ምንም ነገር የሚነገርበት መንገድ የለም። እስኪገልጡት ድረስ ጨርቁን ፊታቸው ላይ እንደያዝኩ ተቀመጥኩ።