ርክርኩ የጠፋበት ዜማ

መሪጌታ ወንድይፍራው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደሚመጡ ደውለው ነበር። ስምንት ተኩል ሲሆን ኢብራር አሁንም ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል። ኮልፌ 18 ማዞሪያ በምትገኘው በዚህች ጠባብ ሱቅ አሮጌ ካሴት ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ ጥፋት ግን ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ካሴቱ ላይ ያለው የመሪጌታው መምህር ከአርባ ዓመት በፊት ያዜሙት ዜማ ነው። መምህሩ ዐርፈዋል፤ ሌላ ቅጂ የለም። ሽማግሌው መሪጌታ «አደራ» ብለው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምፁ ሳይጨመቅ፣ ስቱዲዮዎች በሚጠቀሙበት በትልቁ ፋይል እንዲገለበጥ። በማግስቱ ጎጃም ወዳለው ጉባኤ ቤት ይላካል፤ ተማሪዎቹም ከእርሱ እየሰሙ ዜማውን ይቀጽላሉ።

ኢብራር እንደታዘዘው ገለበጠ። ከዚያ እጁ እንደለመደው ለስልክ የሚሆን ትንሽ ፋይል አወጣና፣ ዲስኩ ስለሞላ ትልቁን ሰረዘው። የሠርግ ካሴት ለሚያመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስህተቱን ሲያውቅ ደንግጦ ካሴቱን መልሶ ከተተ፤ ያረጀውን ክር ቴፑ በላው። የተሰረዘውን ለመመለስ እስከ ቀትር ደከመ፤ አልሆነለትም።

የቀረው ትንሹ ፋይል ነው። በእርሱ ውስጥ ርክርኩ፣ ድምፁ በጉሮሮ እየተርገበገበ የሚወርድበት ቦታ ሁሉ፣ ተደፍጥጦ አንድ ወጥ ጩኸት ሆኗል።

«ትንሹን መልሰህ ወደ ትልቁ ቀይረው» አለችው እህቱ ሀይፋ። «መጠኑ ያው ይሆናል።»

«መጠኑ እንጂ ድምፁ አይመለስም።»

«ፈትዋ ስጠኝ መቼ አልኩህ? ቀይረው ነው ያልኩህ!»

ቀየረው። ፋይሉ ዐሥር እጥፍ አበጠ።

መሪጌታው ከሰዓታቸው ዝንፍ ሳይሉ ደረሱ። ኢብራር ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገላቸው። ጥቂት እንደሰሙ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ መቋሚያቸውን የያዘችው እጃቸው ርክርኩ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ተርገበገበች። ፋይሉ ውስጥ ግን በዚያ ቦታ ያለው ወጥ ጩኸት ብቻ ነው። ኢብራር ያኔ ነገሩ ገባው። የሽማግሌው ጆሮ ደክሟል፤ ፋይሉ የጎደለውን ትዝታቸው ይሞላላቸዋል። የጎጃሞቹ ልጆች ግን ምንም ትዝታ የላቸውም። የሰሙትን ይይዛሉ፤ የያዙትን ያስተምራሉ።

«እርሳቸው ራሳቸው ናቸው!» አሉ መሪጌታው እንባቸውን እየጠረጉ። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ።»

ሀይፋ ፍላሹን በፖስታ አድርጋ አቀበለቻቸው፤ በወንድሟም ላይ ዐይኗን አፈጠጠች። ዝም ቢል የሚያጋልጠው ሰው አልነበረም፤ ፈተናውም ይኸው ነበር።

«መሪጌታ፣ አይውሰዱት።»

«ምን አልክ?»

«ትልቁን ሰርዤዋለሁ። ካሴቱንም ቴፑ በልቶታል። ይህ ያበጠ ነው እንጂ ሙሉ አይደለም፤ ርክርኩ የለበትም።»

ውጭ የታክሲ ረዳት «አስኮ! አስኮ!» እያለ ይጮኻል።

«አሁን ሰማሁት እኮ!»

«እርስዎ ስለሚያውቁት ነው።»

ሽማግሌው ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። «አደራ ብዬህ ነበር! የመምህሬን ጉሮሮ አነቅህ፤ አነቅህና ደግሞ በፖስታ ልትሰጠኝ!»

«አዎ፣ አባቴ።»

«አባባ፣ እኔ ነኝ ቀይረው ያልኩት» አለች ሀይፋ፣ ወንበር እየሳበችላቸው። «ይቀመጡ፣ ውሃ ላምጣልዎ።»

«አልፈልግም!»

ወደ በሩ ሄዱ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጀርባቸውን እንደሰጡ ቆሙ።

«ስንት ቦታ ነው የጠፋው?»

«ሃያ ሦስት። አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ።»

 ሽማግሌው ተመልሰው ወንበሩ ላይ በዝግታ ተቀመጡ።

«ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም።»

«ድምፄ እንደ እርሳቸው አይደለም። ከእኔ በኋላ ግን ይህን የሚያውቅ የለም። ማይኩን አምጣ።»

ሀይፋ በሩን ዘጋች። መሪጌታው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ፤ ሦስተኛው ርክርክ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ኢብራር ቀና ብሎ አያቸው።

«ምን ታየኛለህ?» አሉት። «እንደገና ከመጀመሪያው ቅዳ።»