የእህቴ ልክ

እህቴ ደሴት ላይ ልታገባ መሆኗን የነገረችኝ ራሷ አይደለችም። የነገረችኝ ቲኬት ቆራጯ ናት። የሱቄ በር ላይ ቆማ፣ የፀሐይ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ፣ «እትዬ ሰሙ? በረራውን ያዝኩላቸው እኮ!» አለችኝ። ምኑን ነው የምሰማው? እጄ ላይ የሰው ሱሪ፣ ከንፈሬ መሀል ሦስት ስፒል ነበር። ስፒሎቹን አለመዋጤ እድሌ ነው።

ቲኬት ቆራጯ የእህቴ ጓደኛ ናት። የምትሠራው ጉዞ ወኪል ቢሮ ስለሆነ በሆዴ የምጠራት እንደዚያ ነው። የዛሬ አራት ዓመት እህቴ ወደ ቤት ይዛት መጣችና «እትዬ፣ እህቴን ተዋወቂያት» አለችኝ። እህቴን! እኔ ታዲያ ማን ነኝ?

እናታችን ስትሞት እህቴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፣ እኔ ሃያ ሞልቶኝ ነበር። በአንድ አልጋ አብሬያት እየተኛሁ አሳደግኳት ማለት ይቻላል። ቁጥር መቁጠር የተማረችው በልብስ መለኪያ ሜትሬ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ክር ስትለቅም ትውላለች። እኔን የምትጠራኝ «እትዬ» ብላ ነው። ጥሩ ቃል ነው፣ ክብር አለው። ግን እትዬ የተባለ ሰው ምሥጢር አይነገረውም፤ ምሥጢር የሚነገረው ለእህት ነው። ይባስ ብላ ቲኬት ቆራጯም እኔን «እትዬ» ማለት ጀመረች። እህትነቱን ወስዳ አልበቃትም፣ የቀረችኝን ቃልም ተካፈለችኝ።

የሠርጉ ዝግጅት ሦስት ወር ፈጀ፤ ሦስቱንም ወር ሁለቱ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ተጥደው ከረሙ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ስልክ ላይ የሆቴል ፎቶ ያያሉ፣ ይሳሳቃሉ። አሸዋው ነጭ፣ ባሕሩ ሰማያዊ፣ ዘንባባው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ። ቲኬት ቆራጯ የማታውቀው ነገር የለም። ሥነ ሥርዓቱ አሥር ሰዓት ላይ ይሁን፣ ከዚያ በፊት ፀሐይዋ ሰው ትጠብሳለች። ባለ ተረከዝ ጫማ አይታሰብም፣ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ቬሉ አጭር ይሁን፣ ረጅሙን ነፋስ ይወስደዋል። ሁሉም ትክክል ነው፤ የሚያበሳጨውም ይኸው ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ብትሳሳት ምን አለበት?

እኔም የማውቀውን ተናገርኩ። «ለዚያ ሙቀት ገበሩ ጥጥ መሆን አለበት። ከውስጥ ፖሊስተር ከሆነ ሰው በቁሙ ነው የሚቀቀለው» አልኳቸው።

እህቴ ቀና ብላ «ለዚህ እኮ ነው እትዬ የምታስፈልገኝ!» አለች። ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ፊቷን ወደ ስልኩ መለሰች።

የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ «በሠርጌ ቀን አጠገቤ ቁሚ» እንድትለኝ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ይህ ደግሞ ተለምኖ የሚገኝ ነገር ስላልሆነ አፍ አውጥቼ አልጠየቅሁም። እሷ ሻይ ልታፈላልኝ በተነሳች ቁጥር «አሁን ልትነግረኝ ነው» እላለሁ። አንድ ሰሞን ከበሩ ጀርባ የምሰቅለው አሮጌ የሥራ ቀሚሴ ሁለት ቀን ጠፋና «ላጥብልሽ ብዬ ነው» ብላ መለሰችው። ሳይታጠብ ነበር የመለሰችው። ቢሆንም «ልትለማመጠኝ ነው፣ ቀኑ ደረሰ» አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች። የሚዜዎቿ ልክ ነበር። ሦስት ናቸው፤ «የእሱ እህት» (የሙሽራው ማለቷ ነው)፣ «የአጎታችን ልጅ»፣ ከዚያ ደግሞ «እህቴ፣ ዋና ሚዜ» ይላል። በእያንዳንዱ ሥር የደረት፣ የወገብ፣ የዳሌና የቁመት ቁጥር ተደርድሯል።

ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛዋ ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«መቼ መጥተው ይሞክሩታል?» አልኳት፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሳ።

«ሁለቱ ቅዳሜ ይመጣሉ። ዋናዋ ግን አይመቻትም። ቁጥሩን ይዘሽ ዝም ብለሽ ስፊው።»

«ሳላያት?»

«አንቺ እኮ በዓይንሽ ነው የምትለኪው» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗን ግን አሸሸችብኝ። ያፈረች መሰለኝ። ማፈሯ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ «እትዬ፣ የእሷን በተለይ አሳምሪልኝ። አደራ!» አለችኝ።

አደራ!

ብቻዬን ስቀር ወረቀቱን እንደገና አየሁት። ትንሽ የተጽናናሁት ያኔ ነው። ወገቧ ለካ ይህን ያህላል! ቲኬት ቆራጯ ሁልጊዜ ሰፊ ሸሚዝ ስለምትለብስ ቀጭን መስላኝ ነበር። «ኧረ ጉድ! ይህን ሁሉ የት ደብቀሽው ነው የከረምሽው?» አልኩ ለወረቀቱ። ዳሌዋማ የምትቀመጥበት ወንበር ያሳዝናል። ከሁሉም የጣመኝ ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈው ነው፤ «ቀኝ ትከሻ በአንድ ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል።» ጎባጣ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስለካ በሰው ልክ ስቄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሳቅሁ።

ከሳቁ በኋላ ልክ ላስገባት ወሰንኩ።

የሁለቱን ሚዜዎች ቀሚስ በደንቡ ሰፋሁ፤ ሰማያዊ፣ ቀላል፣ ከውስጥ ጥጥ ገበር። የእህቴን ነጭ ቀሚስማ አልናገርም፣ እያንዳንዷን ስፌት እየሳምኩ ነው የሠራሁት ብል ይቀላል። አንድ ልማድ አለኝ። በየስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ ሳልተው ሰፍቼ አላውቅም። ሰው ይወፍራል፣ ያረግዛል፤ ያኔ ስፌቱ ተተርትሮ ልብሱ ይሰፋለታል። እህቴ ክር ስትለቅም የሰማችው ሁሉ «ትርፉን እንዳትነኪ!» የሚል ነው። ለእሷ ቀሚስ ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ አራት ጣት ተውኩላት።

ሦስተኛውን ቀሚስ ስይዝ ሌላ ሰው ሆንኩ። ወገቡን ሦስት ጣት አጠበብኩት። ገበሩን ፖሊስተር አደረግሁት፤ ቀለሙ አንድ ስለሆነ ማንም አይለየውም። በመጨረሻ መቀሴን አነሳሁና ትርፉን እስከ ስፌቱ ድረስ ከርክሜ ጣልኩት፣ ማንም እንዳያሰፋው። እዚያ ደሴት ላይ ትንፋሿን ይዛ፣ ላቧ በጀርባዋ እየወረደ ስትቆም ታየኝ። ማን ምን ይለኛል? ሳይሞከር የተሰፋ ልብስ ነው። በውጭ በኩል ግን እንዲያ ያለ የሚያምር ቀሚስ ሰፍቼ አላውቅም። አንገቱን ሦስት ጊዜ ነው ፈትቼ የሰፋሁት። ክፋቴ እንዳይታወቅብኝ ስል ምርጥ ሥራዬን ሠራሁ።

ደሴቱ ስንደርስ ሙቀቱ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ተቀበለን። «እሰይ» አልኩ በሆዴ፣ ገበሩን አስቤ።

የሠርጉ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሙሽራዋ ክፍል ውስጥ ነበርን። የእሱ እህትና የአጎታችን ልጅ ለብሰው በመስተዋቱ ይጋፋሉ። እኔ ቡናማ የእንግዳ ቀሚሴን ለብሼ የእህቴን ቀሚስ እተኩሳለሁ። ሦስተኛው ቀሚስ መስቀያው ላይ ባለቤቱን ይጠብቃል። ቲኬት ቆራጯ በዚያ ሰፊ ሸሚዟ፣ ወረቀት አቅፋ እያለከለከች ገባች።

«አንቺ አትለብሺም እንዴ? ሰዓቱ እኮ ደረሰ» አልኳት፣ ማር በተቀባ አፍ።

«ምኑን ነው የምለብሰው እትዬ? እኔ እኮ ሚዜ አይደለሁም። አበባው፣ ምግቡ፣ መኪናው ሁሉ እኔ ላይ ነው። ዛሬ ስሮጥ ነው የምውለው።»

ካውያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እህቴ ቀሚሱን ከመስቀያው አውርዳ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«እህቴ» አለችኝ፣ «ልበሺ።»

ቲኬት ቆራጯ እጇን አጨበጨበች። «ልክዎን ከሥራ ቀሚስዎ ላይ ነው የወሰድነው! ያቺ ቀኝ ትከሻ ስታደክመን! ከመቀሱ ብዛት ነው መሰለኝ ዝቅ ያለችው።»

«ለራስሽ ስፊ ብልሽ ከቁርጥራጭ ነበር የምትሰፊው፣ አውቅሻለሁ» አለች እህቴ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ለሰው ስትሰፊ እጅሽ ሌላ ነው። አንድ ቀን እንኳ ለአንቺም እንደ ሰው እንዲሰፋልሽ ፈለግሁ። ‹እህቴ› ብዬ ስጽፍ ራሱ ትነቂብኛለሽ ብዬ እንዴት እንደፈራሁ!»

ለበስኩ። ዚፑ ወገቤ ጋ ሲደርስ ቆመ። የአጎታችን ልጅ ትጎትታለች፣ የእሱ እህት ትገፋለች፣ ቲኬት ቆራጯ «ትንፋሽ ይያዙ እትዬ!» ትላለች። ያዝኩ። ዚፑ ንቅንቅ አላለም።

«ችግር የለም» አለች እህቴ፣ «ትርፉን እንለቀዋለን።» ተንበርክካ የጎኑን ስፌት ገለበጠችው። ጣቷ ከላይ ወደ ታች ስፌቱን ተከትሎ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ገበሩን በሁለት ጣቷ አሸት አደረገችው። ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ጥጥና ፖሊስተር ጨለማ ውስጥም ትለያለች።

«ሁላችሁም አንዴ ውጡልን» አለች።

ወጡ። ቲኬት ቆራጯ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ትርፉ የታለ?»

«ቆርጬዋለሁ።»

«አንቺ? ለምን?»

መዋሸት እችል ነበር። ጨርቁ አነሰኝ ማለት እችል ነበር። «ለእሷ መስሎኝ» አልኩ።

በሩን አየች፣ ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ እወድ ነበር። እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ስተኩሰው የነበረውን የራሷን ቀሚስ አነሳችና የታችኛውን ጠርዝ ገለበጠች።

«ለእኔ ስንት ተውሽልኝ?»

«አራት ጣት።»

«ቁረጪው።»

«ጠርዙ ሳይታጠፍ ልታገቢ ነው? ክሩ ይተረተራል እኮ!»

«ቁረጪው አልኩሽ።»

ቆረጥኩት። ሁለት ነጭ ቁራጭ አወጣሁና በሰማያዊው ቀሚስ ሁለት ጎን፣ ከብብት እስከ ዳሌ፣ በእጄ ሰፋኋቸው። እሷ አልጋው ላይ ተቀምጣ ክር ትቆርጥልኛለች፣ መርፌው ላይ ታስገባልኛለች። ዚፑ ወጣ።

አሥር ሰዓት ላይ አሸዋው ላይ ቆምን። እህቴ መሀል፣ እኔ አጠገቧ። ፖሊስተሩ ሥራውን ሠራ፤ ላቤ በጀርባዬ ወርዶ ጫማዬ ድረስ ገባ። ከእህቴ ቀሚስ ጠርዝ ነጭ ክር እየተተረተረ በነፋሱ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። ይህ ሁሉ እየሆነ እንኳ ቲኬት ቆራጯ ሮጣ መጥታ ቬሏን ስታስተካክልላትና በጆሮዋ የሆነ ነገር ስታንሾካሹክላት፣ እህቴም ፍርፍር ብላ ስትስቅ፣ ያው ቅናቴ ተነሳ። አልዋሽም፣ አልወጣልኝም።

ቲኬት ቆራጯ ፎቶ ልታነሳን ስልኳን ይዛ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አየችን፣ ዓይኗን ጠበብ አደረገች፣ ስልኩን ዝቅ አደረገችው።

«እትዬ፣ ክንድዎን ጠጋ ያድርጉት፤ በጎን ያለው ነጩ ይታያል።»

ክንዴን ልሰበስብ ስል እህቴ እጄን ያዘችና ወደ ራሷ ጎተተችው።

«ይታይ» አለች።